ባንጋሎር ላይ የተዋጣ ሩዝና ያለ እንቁላል የሚጋገር ኬክ አዲስ አበባ ላይ ለምን ይበላሻል?

ጥያቄው፦ «ባንጋሎር ተምሬ ከተመለስኩ ቆይቻለሁ። እዚያ ሳለሁ አከራዬ የነበሩት ሴትዮ የሎሚ ሩዝ፣ የአትክልት ፑላው (ከቅመምና ከአትክልት ጋር አብሮ የሚበስል ሩዝ) እና ያለ እንቁላል የሚጋገር ኬክ አስተምረውኛል። እዚያ ስሠራው እንከን አልነበረውም። አዲስ አበባ ገብቼ በዚያው ማስታወሻ ስሠራ ግን ሩዙ ላዩ ይላላል፣ መሃሉ ጥሬ ይቀራል። ኬኩ ኦቭን ውስጥ ያምርና ሳወጣው መሃሉ ይሰምጣል፤ አንዳንዴም ሳሙና ሳሙና ይላል። የልጄ ልደት ታኅሣሥ ውስጥ በጾም ስለሚውል የጾም ኬክ እፈልጋለሁ። የህንዶቹ ኬክ ለጾም ይሆናል? ችግሩስ ከእጄ ነው ወይስ ከዕቃው?»

መልስ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ልብሽን አሳርፊ። እጅሽ ደህና ነው፣ ዕቃሽም ደህና ነው። የተለወጠው ከፍታው ነው።

ባንጋሎር ከባሕር ጠለል በላይ 900 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ ወደ እንጦጦ ከተጠጋሽ ደግሞ ከዚያም በላይ። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ባሕር ዳር ያለችው ሙምባይ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ባንጋሎር ላይ በ97 ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ92 ገደማ ይፈላል። እሳቱን የቱንም ያህል ብታበዢው ተራ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ቶሎ ይተናል እንጂ። ስለዚህ ሩዝሽ የሚበስለው ያን ያህል ባልሞቀ ውሃ ነው። ኬኩን የሚነፋው ጋዝ ደግሞ የሚጫነው አየር ስለሳሳ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። ሁለቱ ችግሮችሽ የመጡት ከአንድ ቦታ ነው።

የአከራይሽ ማስታወሻ ትክክል ነው። አትጣዪው። ቅደም ተከተሉ እንዳለ ይቆይ፤ ውሃው፣ ቤኪንግ ሶዳው፣ ስኳሩ፣ ዱቄቱ፣ የእሳቱ ሙቀትና ሰዓት ብቻ ለአዲስ አበባ አየር ይስተካከላሉ።

ከሩዙ ልጀምር። የሩዝ ስታርች ውሃ መጥጦ ማበጥ የሚጀምረው ከ65 እስከ 75 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ስለዚህ 92 ዲግሪ ሩዝ ለማብሰል ይበቃል። ጣጣው ሙቀቱና ውሃው ፍሬው መሃል እስኪደርሱ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ጊዜው ሲረዝም ውሃው ይተናል። ውሃ ሲያንስ ትጨምሪበታለሽ፣ ታማስዪዋለሽ። የውጭው ክፍል ከልክ በላይ ጠጥቶ ይፈርሳል፣ መሃሉ ግን ገና ነው። ያንቺ ሩዝ የሆነው ይኸው ነው።

መድኃኒቱ መዘፍዘፍ ነው። ሩዙን ውሃው ጥርት እስኪል ሦስት አራት ጊዜ እጠቢው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ዘፍዝፊው። ውሃው አስቀድሞ መሃሉ ስለሚገባ እሳት ላይ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው። ህንድ አገር ብዙ ቤት ይህን ያደርጋል፣ ግን ባንጋሎር ላይ ብትዘይውም ብዙ አይጎዳሽም። እዚህ ግን አትዝለዪው። ዘፍዝፈሽ ስትጨርሺ ወንፊት ላይ 10 ደቂቃ ይጠንፈፍ። ሳይጠነፈፍ የቀረ ውሃ ልኬሽን ያዛባል።

ሌላው ነገር የሩዙ ዓይነት ነው። አዲስ አበባ ስትገቢ ባስማቲ ገዝተሽ ሊሆን ይችላል፤ «የህንድ ሩዝ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው እሱን ነው። ባንጋሎር ባለችበት ክልል በካርናታካ ግን የሎሚ ሩዝ፣ እነሱ ቺትራና የሚሉት፣ በአብዛኛው የሚሠራው ሶና ማሱሪ በሚባለው መካከለኛ ፍሬ ሩዝ ነው። ሶና ማሱሪ በአንድራ፣ በቴላንጋናና በካርናታካ የዕለት ሩዝ ነው። ቀለል ያለ ነው፣ ሎሚውንና ቅመሙን ይጠጣል። ባስማቲ የሰሜኑ፣ የፑንጃብና የሃርያና ሩዝ ነው። ጥሩው ባስማቲ ከታጨደ በኋላ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ እርጥበቱ ስለሚቀንስ ሲበስል በቁመቱ ይረዝማል፣ አይጣበቅም። ለፑላውና ለቢርያኒ እሱን የሚያህል የለም። ለቺትራና ግን እኔ ብመርጥ ሶና ማሱሪ፣ ካጣሁ ደግሞ ማንኛውንም የማይጣበቅ መካከለኛ ፍሬ እወስዳለሁ።

የፎገራው ሩዝስ? አጠር ወፈር ያለ ነው፣ ስለዚህ ለፑላው አላስገድደውም። ላላ እንዲል ለሚፈለግ ምግብ ግን በጣም ያምራል። ለምሳሌ ፖንጋል። 1 ኩባያ ሩዝና ግማሽ ኩባያ የማሾ ክክ አብረሽ በ5 ኩባያ ውሃ አለስልሺ። በላዩ በዘይት የጠበስሽውን ቁንዶ በርበሬ፣ ከሙን፣ ዝንጅብልና ካሹ ድፊበት። ህንዶቹ ይህን በቅቤ ነው የሚሠሩት፤ ለጾም በዘይት ይሆናል።

አሁን ለፑላው። ተዘፍዝፎ ለተጠነፈፈ 1 ኩባያ ባስማቲ ማስታወሻሽ 1½ ኩባያ ውሃ ይል ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ 1¾ ኩባያ አድርጊው፤ ሩዙ በጣም የቆየና ደረቅ ከሆነ 2 ኩባያ። በዘይት ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል አሙቂ፤ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀጥሎ ካሮት፣ አተርና ፎሶልያ ጨምሪ። ሩዙን ከተሽ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ በቀስታ አገላብጪው። የፈላ ውሃና ጨው ጨምሪ። ሲንተከተክ እሳቱን ዝቅ አድርጊና ክዳኑን ግጠሚ። ክዳኑ እንፋሎት የሚያስወጣ ከሆነ ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ አድርጊበት፤ የጨርቁን ጫፍ ወደ ላይ አጥፊው፣ እሳት እንዳይነካው። ከ18 እስከ 20 ደቂቃ አትክፈቺው፣ አታማስዪው። ከእሳት አውርደሽም 10 ደቂቃ ሳትከፍቺ ተዪው። የቀረው ጥሬነት የሚጠፋው በዚያ እረፍት ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ነው፣ ቶሎ ከፍቶ ያማስላል። ከዚያ በሹካ ከዳር ወደ መሃል አፍታቺው።

በጾም ቀን ፑላውን የሚያከብረው የኮኮናት ወተት ነው። ታሚል ናዱ በሚባለው የደቡብ ህንድ ክልል ይህ ራሱን የቻለ ምግብ ነው። ከውሃው ግማሹን በኮኮናት ወተት ተኪው። የቅቤውን ቦታ ጥሩ አድርጎ ይሸፍናል።

ለቺትራና የምመክርሽ ሌላ መንገድ ነው። ውሃ መለካቱን ተዪው። በትልቅ ድስት ብዙ ውሃ ከጨው ጋር አፍዪ። የተዘፈዘፈውን ሩዝ ክተቺ። ከ6ኛው ደቂቃ ጀምሮ አንድ ፍሬ እያወጣሽ በጣትሽ ጨፍልቂ። መሃሉ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ብቻ ሲቀር ወንፊት ላይ ገልብጪው። ወደ ድስቱ መልሺው፣ ክደኚው፣ በጣም በዝግተኛ እሳት 10 ደቂቃ በራሱ እንፋሎት ይጨርስ። የሃይደራባድ ቢርያኒ አብሳዮችም ሩዙን በግማሽ ቀቅለው አጥልለው በእንፋሎት ነው የሚጨርሱት። ውሃው በምን ሙቀት ይፍላ አያስጨንቅሽም፤ የምትከተዪው ፍሬውን ነው። ከዚያ ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግተሽ ትንሽ ዘይት አርከፍክፊበትና ይቀዝቀዝ። ሲቀዘቅዝ ስታርቹ መልሶ ስለሚጠነክር ቅመሙን ስታገላብጪበት አይፈርስም።

ቅመሙ ላይ የቅደም ተከተል ነገር አለ። ለ3 ኩባያ የበሰለ ሩዝ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሙቂ። 1 የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ሰናፍጭ ጨምሪ፤ እስኪንጣጣ ጠብቂ፤ ካልተንጣጣ ይመርራል። ቀጥሎ 1 የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ክክና አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ። ኡራድ የሚባለውን ነጭ ክክ ካገኘሽ 1 የሻይ ማንኪያ ጨምሪ፣ ካላገኘሽ የሽምብራውን ከፍ አድርጊው። ወርቃማ ሲሆኑ ደረቅ በርበሬ ከነቆዳው፣ የተከተፈ ቃሪያ፣ ዝንጅብልና የካሪ ቅጠል። መጨረሻ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፤ እርድ ቶሎ ስለሚያርር ከገባ በኋላ እሳቱን ወዲያው አጥፊ። የሎሚው ጭማቂ የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ሎሚ እሳት ላይ ከቆየ መዓዛው ይጠፋል፣ መራራነቱ ይቀራል። ከ1½ እስከ 2 ሎሚ፣ እየቀመስሽ።

የካሪ ቅጠል ካጣሽ ዝም ብለሽ ተዪው። በዱቄት የሚሸጠው ካሪ የዚያ ዛፍ ቅጠል አይደለም፣ በእሱ ቦታ ብታስገቢው ምግቡ ሌላ ይሆናል። ማስታወሻሽ ላይ ጂራ የሚል ካለ ከሙን ማለት ነው፤ ነጭ አዝሙድ ብትከቺ ጣዕሙ ፈጽሞ ይለወጣል። ሄል በሚልበት ኮረሪማ ከተጠቀምሽ ጣዕሙ ይለያል፣ እየቀመስሽ ጨምሪ። ሂንግ የሚባለው ጠረነ ብርቱ ሙጫ ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የማይበሉ የጄይን ሃይማኖት ተከታዮችና ቪሽኑ የተባለውን የሂንዱ አምላክ የሚያመልኩ ብዙዎች የሚወዱት ነው። አንድ ቁንጥር ይበቃል። አብዛኛው በዱቄት የሚሸጠው ሂንግ የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት ስለሆነ ስንዴ የማይስማማው ሰው ቤት ካለ ጠንቀቅ በዪ። ዱባይ ወይም ኩዌት ዘመድ ካለሽ የካሪ ቅጠሉንም፣ ሂንጉንም፣ ኡራዱንም ማስላክ ትችያለሽ፤ እዚያ የህንድ ሸቀጥ በየሰፈሩ ነው።

አንድ ምግብ ደግሞ ሳልነግርሽ አላልፍም፤ አንቺ ባትጠይቂኝም ለጾም ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ስለሆነ ነው። ፑሊዮጋሬ ይባላል፣ በታማሪንድ የሚሠራ ሩዝ ነው። ካርናታካ ውስጥ መልኮቴ የምትባለው የቤተ መቅደስ ከተማ በዚህ ሩዝ ትታወቃለች። በደቡብ ህንድ ቤተ መቅደሶች ለምእመናን ይታደላል። ወተት የለበት፣ ቅቤ የለበት፣ ሽንኩርት እንኳ የለበት። ታማሪንድ እኛም አገር አለ፤ ሐረርና ድሬዳዋ አካባቢ ሁመር የሚባለው ነው።

100 ግራም ሁመር በ2 ኩባያ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፈሽ፣ አሽተሽ፣ አጥልዪው። ለብቻ 2 የሾርባ ማንኪያ ድንብላል፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና እንደ ልምድሽ ደረቅ በርበሬ ቆልተሽ ፍጪ። አብሹን አታብዢው፣ ካረረም ድፊው፤ ሁሉን ያመርረዋል። ግማሽ ኩባያ የሰሊጥ ዘይት አሙቀሽ ሰናፍጭ፣ የሽምብራ ክክ፣ ኦቾሎኒና ሂንግ ካበሰልሽ በኋላ የሁመሩን ውሃ፣ እርድና ጨው ጨምሪ። በመካከለኛ እሳት እያማሰልሽ ዘይቱ ቁጢጥ እስኪል አብስዪው። ከዚያ የፈጨሽውን ቅመምና 2 የሾርባ ማንኪያ ቡናማ ስኳር። ይህ ድልህ በብርጭቆ ዕቃ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ስትፈልጊ ለ1 ኩባያ የበሰለ፣ የቀዘቀዘ ሩዝ 1½ የሾርባ ማንኪያ ያህል ማገላበጥ ነው። ከሠራሽ ግማሽ ሰዓት በኋላ ይበልጥ ይጣፍጣል። ከሥራ ደክሞሽ ስትገቢ የሚያድንሽ ምግብ ይህ ነው።

ሩዝ አስቀምጠሽ የምትጠቀሚ ከሆነ ግን አደራ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አይደር። የደረቀ ሩዝ ውስጥ ፈላ ውሃ የማይገድለው የባክቴሪያ ዘር አለ። የበሰለ ሩዝ ለብ ብሎ ሲያድር ይራባበትና የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ መርዝ ያመነጫል። መልሶ ማሞቅ ያንን መርዝ አያጠፋውም። ትሪ ላይ ዘርግተሽ አቀዝቅዢው፣ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ይግባ።

ከህንድ ያመጣሽው ፕሬሸር ኩከር ካለ ለሽሮ እህሎችና ለቢሲ ቤሌ ባት (ሩዝና ክክ አብሮ የሚበስልበት የካርናታካ ምግብ) ተጠቀሚበት፤ እዚህ ከተማ ክክ የሚያለሰልስልሽ እሱ ነው። ባሕር ጠለል ላይ ውስጡ ወደ 120 ዲግሪ ይደርሳል፣ እዚህ ደግሞ ወደ 116። ልዩነቱ ትንሽ ነው። «3 ፉጨት» የሚለውን 4 አድርጊው፣ በቃ።

ወደ ኬኩ ልምጣ። መጀመሪያ የጾሙን ጥያቄ ልመልስ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የህንድ ኬክ «እንቁላል የለበትም» ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም። በህንድ የምግብ ሕግ መሠረት ቬጀቴሪያን (ሥጋ አልባ) ለሚባል ምግብ ማሸጊያው ላይ አረንጓዴ ምልክት ይደረጋል። እንቁላል ያለበት ይህን ምልክት አያገኝም፤ ወተትና ቅቤ ያለበት ግን ያገኛል። ለእነሱ ወተት ችግር የለበትም። እንዲያውም ኤካዳሺ በሚባለው የጾም ቀናቸው ብዙዎቹ ሩዝና ሌላ እህል ትተው ወተትና ፍራፍሬ ይወስዳሉ። የእኛ ጾም ወተቱንም ቅቤውንም አያስገባም። ስለዚህ ከህንድ የመጣ ብስኩትም ሆነ ክሬም አረንጓዴ ምልክት ስላለው ብቻ በጾም አትግዢው፤ ዝርዝሩን አንብቢ።

አከራይሽ ምን ዓይነት ኬክ እንዳስተማሩሽ አልነገርሽኝም። ህንድ ቤት ውስጥ የተለመዱት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንዱ በቆርቆሮ በታሸገ ጣፋጭ ወተት የሚሠራው ነው፤ እሱ እርጥብና ከባድ ነው። ሁለተኛው የእርጎ ኬክ ነው። ሦስተኛው በኮምጣጤና በሶዳ የሚነሣው ነው። ለታኅሣሥ የሚሆንሽ ሦስተኛው ብቻ ነው። የሳሙናው ጣዕም ከሁለተኛው ወይ ከሦስተኛው ሳይሆን አይቀርም።

እንቁላል ኬክ ውስጥ ብዙ ሥራ አለው። ሲመታ አየር ይይዛል፣ ዘይትና ውሃን ያስማማል፣ ከሁሉ በላይ ግን ሲሞቅ ጠንክሮ ኬኩን ያቆመዋል። እንቁላል ሲወጣ የመንፋቱን ሥራ ሶዳና አሲድ ይረከቡታል። የማቆሙ ሥራ ግን ለዱቄቱ ብቻ ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የሶዳው ጋዝ በጣም ይለጠጣል፣ አረፋዎቹ ግድግዳቸው ይሳሳል፣ ዱቄቱ ሳይጠነክር ይፈነዳሉ። ኦቭን ውስጥ ያማረው ኬክ ስታወጪው የሚሰምጠው ለዚህ ነው። እንቁላል ያለው ኬክ ይህን ትንሽ ይቋቋማል፤ እንቁላል የሌለው አይቋቋምም።

ስኳርም እጁ አለበት። ስኳር ሲበዛ ስታርቹ የሚጠነክርበት ሙቀት ከፍ ይላል፣ ኬኩ ለመቆም ይዘገያል። እዚህ ደግሞ ውሃው ቶሎ ስለሚተን የቀረው ሊጥ ውስጥ ስኳሩ ይበረታል። ስለዚህ ሶዳውን ቀንሺ፣ ስኳሩን ቀንሺ፣ ውሃ ትንሽ ጨምሪ፣ ዱቄት ትንሽ ጨምሪ፣ የኦቭኑን ሙቀት 10 ዲግሪ ከፍ አድርጊ። ማስተካከያው ሁሉ ይህ ነው።

የሳሙናው ጣዕም የተረፈ ሶዳ ነው። ሶዳ አሲድ ካላገኘ በሙቀት ይለወጥና ያን ጣዕም ይተዋል። 1 ኩባያ እርጎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይችላል። 1 የሾርባ ማንኪያ ተራ ኮምጣጤ ግን ሩብ የሻይ ማንኪያ ገደማ ብቻ ነው የሚችለው። ታዲያ የኮምጣጤ ኬክ ላይ አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ሶዳ የሚጻፈው ለምንድን ነው? ቀሪውን ኮኮዋው እንዲያግዝ ነው፤ ያልታከመ ኮኮዋ አሲድ አለው። በጣም ጥቁሩና ለስላሳው ኮኮዋ ግን አሲዱ እንዲጠፋ የታከመ ስለሆነ አያግዝም። ኮኮዋሽ እንደዚያ ከሆነ ሳሙናው የመጣው ከእሱ ሊሆን ይችላል። ነጣ ያለ ቡናማውን ፈልጊ።

ለልጅሽ ልደት እንዲህ አድርጊ። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ክብ የኬክ ቅርጽ 1½ ኩባያ ፉርኖ ዱቄትና 2 የሾርባ ማንኪያ ተጨማሪ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ያልታከመ ኮኮዋ፣ ሦስት ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አብረሽ ሁለት ጊዜ ንፊ። ሶዳ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ከቀረ ያም ሳሙና ይላል፣ ስለዚህ መንፋቱን አትናቂው። 170 ግራም ስኳር ጨምሪ፤ ማስታወሻሽ 200 ሊል ይችላል። በሌላ ዕቃ 1 ኩባያና 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ 80 ሚሊ ሊትር ጠረን የሌለው ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤና 1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ ቀላቅዪ።

ከዚህ በኋላ ፍጠኚ። ኦቭኑ አስቀድሞ 190 ዲግሪ ሞቆ፣ ቅርጹ ዘይት ተቀብቶና ወረቀት ተነጥፎበት ይጠብቅ። እርጥቡን ደረቁ ላይ ገልብጪና ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ ምቺው፤ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ሲበዛ ሊጡ እንደ ዳቦ ይጎተታል። ኮምጣጤና ሶዳ እንደተገናኙ ጋዙ መውጣት ይጀምራል፤ ሊጡ ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ለኦቭኑ የሚቀር ጋዝ የለም። ወዲያው አስገቢው። ለ25 ደቂቃ በሩን አትክፈቺ። ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ባለው ጊዜ መሃሉን በስንጥር ወጊው፤ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደርሷል።

የእርጎውን ኬክ ለፍስክ ቀን ካሰብሽ በተመሳሳይ መንገድ ቀንሺለት። 1 ኩባያ እርጎ፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ጎደል ያለ ሶዳ፣ 1¼ የሻይ ማንኪያ የነበረው ቤኪንግ ፓውደር ሦስት ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ስኳሩ 130 ግራም፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ዱቄቱ 1½ ኩባያና 2 የሾርባ ማንኪያ። ሶዳውን እርጎው ላይ አድርገሽ አረፋ እስኪያወጣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ባንጋሎር ላይ የተለመደ ነው። እዚህ ባትጠብቂ እመርጣለሁ፤ ሶዳውን ከዱቄቱ ጋር ንፊው።

ተልባም ጥሩ ረዳት ነው። 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ 10 ደቂቃ ሲቆይ ያጣብቃል፤ በአንድ እንቁላል ቦታ ይቆጠራል። የሙዝ ወይም የካሮት ኬክ ላይ በጣም ያግዛል። ለመጠጥ ተቆልቶ የተፈጨው ግን ጣዕሙ ኬኩን ይውጠዋል፣ ሳይቆላ አስፈጪው።

መብራት ቢጠፋ ህንዶቹ የሚያውቁት ብልሃት አለ። ኦቭን የሌለው ቤት ኬክ የሚጋግረው በድስት ነው። ወፍራም ድስት ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨው ዘርጊ፣ በላዩ ማስቀመጫ ሽቦ አድርጊ፣ ክደኚና በመካከለኛ ጋዝ 10 ደቂቃ አሙቂው። ቅርጹን አስገብተሽ ክዳኑን ግጠሚ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጊ። ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይወስዳል። ብዙዎች ይህን የሚሠሩት በፕሬሸር ኩከር ነው፣ ጎማውንና ክብደቱን አውጥተው፣ ያለ ውሃ። እኔ ግን ጥሩ ኩከርሽን ለዚህ አላበላሽም፤ ያረጀ ወፍራም ድስት ይበልጣል። ጨው የነካ ድስት ደግሞ ለሌላ አትጠቀሚበት።

ላዩን ለማስዋብ በፓኬት የሚሸጠውን ክሬም አትመኚ። «ወተት የሌለበት» ተብሎ የሚሸጥ ክሬም ውስጥ ብዙ ጊዜ ሶድየም ኬዚኔት የሚባል አለ፤ እሱ የወተት ፕሮቲን ነው። አንዳንድ ማርጋሪንም የወተት ዱቄት አለበት። በእሱ ፈንታ ወተት የሌለበት 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ከትፈሽ 120 ሚሊ ሊትር የጋለ የኮኮናት ወተት አፍስሺበት። ለ3 ደቂቃ ሳትነኪው ተዪውና ከመሃል ጀምረሽ አማስዪው። ሲወፍር ቀቢው። ኬኩ ፈጽሞ የቀዘቀዘ ይሁን።

ኬኩን በዋዜማው ማታ ጋግሪው፤ የኮምጣጤው ጠረን ያልፋል፣ ሲያድርም ይረጥባል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ ሞክሪው። የቤት ኦቭን ላዩ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ ሁልጊዜ አይሰጥም፣ ያንቺን የምታውቂው ስትሞክሪው ነው። መሃሉ አሁንም ከሰመጠ ሶዳውን ወደ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አውርጂ። ላዩ ቶሎ ጠቁሮ መሃሉ እርጥብ ከቀረ ደግሞ ሶዳውን ሳትነኪ ቅርጹን አንድ መደብ ወደ ታች አውርደሽ 5 ደቂቃ ጨምሪለት።